በድሬና በሐረር ላላችሁ ላቦራቶሪዎች፦ ስፔክትሮፎቶሜትራችሁን ለዚህ ወጣት አሳዩት

ሰላም ወገኖች። ሳቢያን አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የባዮሜዲካል ባለሙያ አለ። ላደረገልን ነገር በአደባባይ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

የላቦራቶሪያችን ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ብርሃን በናሙና ውስጥ አሳልፎ የሚለካው ማሽን፣ ግራ አጋብቶን ነበር። ስኳር ልክ ነው፣ ክሬቲኒን ልክ ነው። የጉበቱ ምርመራ፣ ኤኤልቲ፣ ግን ኮንትሮሉ (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀው መፈተሻ ናሙና) ሁሌ ዝቅ ይላል። ሪኤጀንት (የመመርመሪያውን ኬሚካል) ቀየርን፣ ያው ነው። ደግመን ብንለካም ቁጥሩ አይዋዥቅም፤ ዝቅ እንዳለ ይደጋገማል። አንድ ሻጭ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። እኛም የኤኤልቲ ናሙና ሌላ ቦታ መላክ ጀመርን።

ይህ ልጅ ግን ገና ሲገባ «የሚሳሳተው በስንት ናኖሜትር ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ማለቱ ነው። ኤኤልቲ የሚለካው በ340 ነው፤ ስኳርና ክሬቲኒን 500 አካባቢ። የሃሎጅን አምፖል ደግሞ 340 ላይ ከመነሻውም ብርሃኑ ደካማ ነው። ሲያረጅ ይብስበታል። ያኔ ሾልኮ የሚገባው ባዕድ ብርሃን ጉልበት ያገኛል።

በቁጥር አስረዳን። አብዞርባንስ ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስቀር የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 2 ማለት ከብርሃኑ ዲቴክተሩ (ብርሃን ተቀባዩ) ጋ የሚደርሰው 1 በመቶ ብቻ ነው። ሌላ 1 በመቶ ባዕድ ብርሃን ሲጨመርበት ማሽኑ 1.7 ብሎ ያነባል። ዝቅ ያሉት ንባቦች ላይ ግን ብዙም አይታወቅም። ኤኤልቲ ከከፍተኛ አብዞርባንስ እየወረደ የሚለካ ስለሆነ አወራረዱ የዘገየ ይመስላል፤ ውጤቱም ያንሳል።

ከዚያ ብርሃን በብዛት የሚያስቀር የፖታሲየም ዳይክሮሜት መፍትሄ ኩቬት (የናሙና ብልቃጥ) ውስጥ ጨምሮ ክዳኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ጣል አደረገበት። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ! የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ የክፍሉ ብርሃን በዚያ ይገባል። ጎማውን ቀየረ። አምፖሉንም በጓንት ይዞ ቀየረው፤ ጣት ከነካው ቅባቱ ሲግል መስታወቱን ይጎዳዋል። በመጨረሻ የሞገድ ርዝመቱን ልክነት የሚፈትሽበትን የሆልሚየም መስታወት አስገብቶ ጫፉ 361 ናኖሜትር ላይ መውጣቱን አሳየን።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በአልትራሴንትሪፉጅ (ናሙናን እጅግ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ከእንዲህ ያለ ቋሚ ስህተት ጋር ይታገላሉ። የናሙና መያዣው መስኮት ላይ ያለ ጭረት በየስካኑ እዚያው ቦታ ላይ ይታያል። ፕሮቲኑ ይጓዛል፣ ጭረቱ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በሂሳብ ለይተው ያወጡታል። የኛ ችግር ግን አንድ ቁጥር ቀንሶ የሚታረም አልነበረም። አብዞርባንስ ከፍ ባለ ቁጥር ስህተቱም ያድጋል፤ ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳ መደፈን ነበረበት። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ እዚሁ ቅርባችን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የኮንትሮሉ ውጤት በሚጠበቅበት ልክ ውስጥ ነው። ከጥገናው በፊትና በኋላ የነበሩትን ንባቦች በወረቀት ጽፎ ሰጥቶናል። የማያስፈልግ ዕቃ አላስገዛንም፤ ዋጋውም አይከብድም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሐረርም ይመጣል። ስትደውሉለት ማሽኑ በየትኛው ምርመራ ላይ እንደሚሳሳት አስቀድማችሁ ንገሩት።