«ኤም-209 ይሠራል» ስለተባላችሁ ብቻ ብር እንዳትልኩ

ሰላም ወገን። አሮጌ ማሽን የምትሰበስቡ ካላችሁ ይቺን ሳታነቡ ምንም እንዳትገዙ።

ባለፈው ወር ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሰው ኤም-209 ገዛሁ። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ድረስ ይዞት ይሄድ የነበረው የምስጢር መጻፊያ ማሽን ነው። 1,400 ዶላር ከፈልኩ። ሻጩ «ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ የኢኒግማ ወንድም ነው፣ ኮዱን ማንም ሰብሮት አያውቅም» ብሎ ነበር የለጠፈው። ሦስቱም ውሸት ነው።

ኢኒግማ የጀርመኖች የምስጢር መጻፊያ ማሽን ነው፤ በባትሪ ይሠራል፣ ፊደል ስትነኩ አምፖል ይበራል። ኤም-209 ውስጥ አንዲት ሽቦ የለችም። ጥርስ፣ ፒንና ዘንግ ብቻ ነው። ንድፉ ቦሪስ ሃገሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያመረተው ደግሞ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካው ስሚዝ ኮሮና ነው፤ 140,000 ያህል ተሠርቷል። ስለዚህ «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁን አትስሙት። «ማንም አልሰበረውም» የሚለውም ቢሆን፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የተወሰነውን መልእክት እየፈቱ ያነቡት ነበር፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓት ውስጥ። አሜሪካኖቹ ግን የግንባር ወሬ ቶሎ ስለሚያረጅ መጠቀማቸውን አልተዉም።

አሠራሩን ካላወቃችሁ መበላታችሁ አይቀርም። ከፊት ስድስት ዲስኮች አሉ። ዙሪያቸውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች አሏቸው፤ በፒን ብዛት 26፣ 25፣ 23፣ 21፣ 19 እና 17 ናቸው። ከኋላቸው 27 ዘንጎች ያሉት ከበሮ አለ፤ እያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሁለት ሁለት ጉጦች ተሰክተዋል። በግራ በኩል ፊደል ትመርጣላችሁ፣ በቀኝ እጀታውን አንድ ጊዜ ታዞራላችሁ። ከበሮው ሲዞር፣ በተራው ላይ ያለው ፒን ወደ ቀኝ ከወጣበት ዲስክ ትይዩ ጉጥ ያለው ዘንግ ወደ ጎን ይንሸራተትና ጥርስ ይሆናል። ስንት ዘንግ እንደተንሸራተተ ተቆጥሮ ፊደሉ በተገላቢጦሽ (ከዜድ ወደ ኤ) በተደረደረ ፊደል ላይ ያን ያህል ይገፋል፣ ወረቀቱ ላይም ይታተማል። ከዚያ ስድስቱም ዲስኮች አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የነበሩበት አሰላለፍ ላይ እንደገና የሚገጥሙት ከ101,405,850 ፊደል በኋላ ነው። አንዷ ዲስክ አንድ እርምጃ ከዘለለች ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

የኔው የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። «ሰላም ለኢትዮጵያ» ብዬ በላቲን ፊደል አስገባሁ። ዲስኮቹን ወደ መነሻቸው መልሼ የታተመውን ልፈታው ስሞክር አራት ፊደል በትክክል መጣ፣ ከዚያ በኋላ ትርጉም የለሽ ሆነ። የውስጥ ክዳኑን አነሳሁ። ባለ 17ቷ ዲስክ አንዳንዴ ትሄዳለች አንዳንዴ ትቆማለች። ባለ 21ዷ ላይ ሦስት ፒኖች የሉም፣ ቀዳዳቸው ብቻ ቀርቷል። ዘንጎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ 25 ናቸው። ለካ ሰውዬው «ይሠራል» ያለው እጀታው ስለሚዞር ነው። ገንዘቤን መልስልኝ ብለው፣ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «አይመለስም» ይላል አለኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ለዚህ ማሽን ስንት ወር ነው ያጠራቀምኩት!

እንግዲህ የምትገዙ ከሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ጠይቁ። መጀመሪያ ሻጩ ፒኖቹን ሁሉ ወደ ግራ ይግፋና ኤ ያስገባ፤ ዜድ መታተም አለበት። ቢ ሲያስገባ ዋይ፣ ሲ ሲያስገባ ኤክስ፣ እንዲህ እያለ ፊደሉ በተገላቢጦሽ ይወጣል። ቀጥሎ ፒኖቹን አደባልቆ ኤ የሚለውን ፊደል 26 ጊዜ ይጻፍ። 26 የሚሆነው ትልቋ ዲስክ እንኳ ሙሉ ዙር እንድትዞር ነው። የታተመውን መልሶ ሲፈታው 26ቱም ኤ ሆነው ካልተመለሱ ይቅርባችሁ። የውስጥ ክዳኑ ተነስቶ የተነሳ ፎቶም ይላክላችሁ፣ ዘንጎቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። «አከፋፈቱን አላውቅም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

እኔ አሁን የምፈልገው ባለ 17 ዲስክ፣ ሁለት ዘንግና የባለ 21ዷን ሦስት ፒኖች ነው። የተሰበረ ማሽን ያለው ሰው ካለ ለዕቃው ልግዛው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።