ሐይቅ ወይስ አርዲቦ? ከደሴ ወጣ ለማለት

ከደሴ ተነስቶ ውሃ ዳር ለመዋል ሁለት ጥሩ ምርጫ አለን፤ ሎጎ ሐይቅና አርዲቦ። ጎረቤታሞች ናቸው። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በወንዝ ወርዶ ሎጎ ሐይቅ ይገባል። ጉዟቸው ግን ለየቅል ነው።

መንገድና ወጪ፦ ሎጎ ሐይቅ አጠገብ እስካለችው ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ሚኒባስ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ኪስ አይጎዳም። የአርዲቦው ኮረኮንች ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አይጣል ነው! ገንዘብ አዋጥቶ መኪና መኮናተር ይሻላል።

ምን አለ? ሐይቅ ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ለእኔ ይህ ብቻውን ያስኬዳል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ግን ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ከእህቶቻችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ደርሶ መመለስ ያስከፋል። ከዚያ ዓሳው! ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ኩርሽም እስኪል ተጠብሶ፣ በሎሚና በዳጣ ሲበላ ልዩ ነው።

አርዲቦ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ንፋሱ ይበርዳል። ጃኬት ያዙ፣ ምሳም ቋጥሩ። ግርግር የለም፤ ዙሪያው ተራራ ነው።

አደጋ፦ ሎጎ ሐይቅ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ዋና የማይችል ዳር ዳሩን ይሁን። ለሁለቱም የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ጠይቁ።

ልጆችና አዛውንት ካሉ፣ ወይም ጊዜው ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሐይቅ። በጋ ላይ በእግር መሄድ ለሚወድ፣ ሙሉ ቀን ላለው፣ አርዲቦ።