ሮው ወይስ ጄፔግ? ነጭ ቀሚስ በቀትር ፀሐይ

ሰርግ የሚያነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀትር ነው። ሙሽሪት ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ። ብርሃኑን ለፊታቸው ስታስተካክሉ ቀሚሱ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ለቀሚሱ ስታስተካክሉ ደግሞ ፊታቸው ይጨልማል። ካሜራው ከጥላው እስከ ድምቀቱ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ስፋት ዳይናሚክ ሬንጅ ይባላል። የሚለካው በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው።

ስፋቱን የሚወስነው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል ነው። ሮውም (ሴንሰሩ የያዘው ጥሬ ፋይል) ጄፔግም (ካሜራው አዘጋጅቶና አሳንሶ የሚሰጣችሁ ፎቶ) የሚወጡት ከዚያው ሴንሰር ነው። ጥያቄው ከተያዘው ምን ያህሉ እጃችሁ ይገባል የሚለው ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ አለው። ቀለሙንና ኮንትራስቱን ካሜራው ራሱ ወስኖ የተረፈውን ይጥለዋል። በሮው ቢቱ በጨመረ ቁጥር ደረጃው ይበዛል፤ 12 ቢት ሮው 4,096 ደረጃ ይይዛል፣ 14 ቢቱ 16,384። ስለዚህ በጄፔግ የጠፋው ጥልፍ በሮው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የጨለመ ፊትም ቀለሙ ሳይበላሽ ይፈካል። ግን ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ ላይ ጨርሶ የነደደ ነጭ በሮውም አይመለስም። እኔ በሮው ሳነሳ ለቀሚሱ አስተካክላለሁ፣ ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር አፈካዋለሁ። በጄፔግ እንዲህ ብታደርጉ ጥላው ይቆሽሻል።

ዋጋው ቦታና ጊዜ ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ሮው እንደ ሞዴሉ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ጄፔጉ ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። ሮው ኤዲት ይፈልጋል። ከኤዲት ፕሮግራሞቹ ላይትሩም ይከፈልበታል፤ ዳርክቴብል ግን ነፃ ነው፣ በደንብም ይሠራል። ፎቶው ዛሬውኑ በቴሌግራም መላክ ካለበት፣ ወይም ኳስ ሜዳ በተከታታይ የምታነሱ ከሆነ፣ ጄፔግ ይሻላችኋል። ለሰርግ ግን ያለማመንታት ሮው እላለሁ። ያ ቀን አይደገምም።

ካሜራ ልትገዙ ነው? ኒኮን ዲ3500 ሮው የሚያነሳው በ12 ቢት ብቻ ነው፣ ዲ5600 በ14ም ያነሳል። ለዚህ ልዩነት ብቻ ብላችሁ ብር አትጨምሩ፤ በተግባር ብዙም አይታይም። ለሌንስ አውሉት።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) 100 አድርጉ። አንድ ሮው ሆን ብላችሁ ሦስት ስቶፕ አጨልማችሁ አንሱ። ቤት ገብታችሁ በኮምፒውተር አፍኩትና ጥላውን አጉልታችሁ እዩ። ነጠብጣብ ከሞላው ሌላ ፈልጉ።