ስላግ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ምድጃውን ጠይቁ

ስላግ ብረት ሲቀልጥ ከላይ ተንሳፍፎ፣ ተገፎ የሚወጣው ነው። ዝቃጭ እንዳንለው ዝቃጭ የሚቀረው ከታች ነው። እና ስላግ እንበለው። ችግሩ ለግንባታ በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ ሌላውን አይተካም። ርካሽ ነው ብላችሁ አንድ ቢያጆ ከማስራገፋችሁ በፊት ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ ጠይቁ።

የብረት ማዕድን ከሚቀልጥበት ትልቁ ምድጃ የሚወጣው ለሲሚንቶ የሚሆነው ነው። እንደጋለ ውሃ ሲለቀቅበት በድንገት ይቀዘቅዝና እንደ መስታወት ይሆናል። ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ ራሱም ይጠነክራል። በአውሮፓ ደረጃ ሴም 3 በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ድርሻው ከ36 እስከ 95 በመቶ ይደርሳል። ሲጠነክር ሙቀት አያበዛም፣ ሰልፌት (ኮንክሪት የሚበላ ጨው) ያለበትን አፈር ይችላል። ለወፍራም መሠረት ሸጋ ነው። ግን ቀርፋፋ ነው፤ ፎርም ቶሎ ፈትቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ለሚጣደፍ ኮንትራክተር አይመችም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአየር ቀስ ብሎ የቀዘቀዘውም የኬሚካል ውጤቱ ያው ነው፤ ኖራው፣ ሲሊካው ልክ ይመስላል። ግን ጠጠር እንጂ ሲሚንቶ አይሆንም። ስለዚህ በኬሚካል ወረቀት ብቻ አትታለሉ። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታሉን ከመስታወቱ በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) የተለካ የመስታወትነት መጠን ጠይቁ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ መሆን አለበት።

አገር ውስጥ ብረት የሚያቀልጡት ፋብሪካዎች ግን የሚያቀልጡት ውዳቂ ብረት ነው። ከእነሱ የሚወጣውን "ሲሚንቶ ይቆጥባል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ተዉት። ለጠጠር እንይው። ኖራ ከሚጨመርበት የአርክ ምድጃ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከሚያቀልጠው) ከሆነ ጠንካራና ሻካራ ነው፣ ጎማ ይይዛል፣ ለአስፋልት ጥሩ ነው። ሆኖም ውስጡ ያልተዋሃደ ኖራ ይቀራል። ያ ኖራ ውሃ ሲያገኝ መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማግኒዥያ (የማግኒዥየም ኦክሳይድ) ካለ ደግሞ ከዓመታት በኋላም ያብጣል። ለወራት ውጭ ተዘርግቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ የመስፋፋት ፈተና ያለፈ ካልሆነ ለመንገድም አትግዙት። ከቤት ወለል ሥር? እኔ ፈተና ቢያልፍም አላደርገውም።

የኢንዳክሽን ምድጃው (በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ የሚያቀልጠው) ስላግ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊካ ይበዛዋል፣ ኖራው ትንሽ ነው፤ እብጠቱ ያን ያህል አያሳስብም። የሱ ጣጣ በውስጡ የቀረው የብረት ፍርፋሪ ነው። በማግኔት ካልተለቀመ ብሎኬቱ ላይ ዝገት ያወጣል።

ከተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ጋር ስታወዳድሩ ክብደቱን አትርሱ። የአርክ ምድጃው ስላግ ድፍኑ በኪዩብ ከ3.2 እስከ 3.6 ቶን ገደማ ሲመዝን፣ ባዛልት 2.8 ገደማ ነው። በቶን ከገዛችሁ የምታገኙት ኪዩብ ያንሳል፣ የመኪናው ሂሳብም ይጨምራል። "ቅናሽ" የተባለው እዚያው ያልቃል። ቦታው ለፋብሪካው ቅርብ ከሆነ ግን ያዋጣል።

ከውጭ የሚመጣውን የተፈጨ ስላግ ደግሞ ለተራ ቤት ምን አደከማችሁ? ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የገባበት ሲሚንቶ እዚሁ አለ።

የማይዝግ ብረት ሲቀልጥ የወጣ ከሆነ ክሮምየም ስላለው፣ ወደ ውሃ ምን እንደሚለቅ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት አስመጡ። ውጤቱ ከሌለ፣ መሙያው ደግሞ ለጉድጓድ ውሃ ቅርብ ከሆነ፣ ገረጋንቲ ግዙ።