አርግፓርስ ወይስ ክሊክ? ለደንበኛ የሚጫን ቱል ስትሠሩ

ባሕር ዳር ያሉ ኮድ የሚጽፉ ጓደኞቼ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «በፓይተን ትንሽ የኮማንድ ላይን ቱል ልሠራ ነው፤ አርግፓርስ ይሻለኛል ክሊክ?» ሁለቱም ተጠቃሚው በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ አንብበው ለፕሮግራሙ የሚያቀብሉ የፓይተን ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) ናቸው። በቴሌግራም ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። መልሴ አርግፓርስ ነው። ምክንያቴ ደግሞ ዋጋ ነው።

«ሁሉም ነጻ አይደሉም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ብር የሚጠይቅ የለም። ሂሳቡ የሚመጣው ቱሉን ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ልትጭኑ የሄዳችሁ ቀን ነው።

ባለፈው ኅዳር ፍኖተ ሰላም ለሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ቱል ሠራሁ። ከገበሬ የተረከቡትን በቆሎ በየቀኑ በኩንታል ይደምራል፣ የሚከፈለውን ያሰላል፣ በቃ። የጻፍኩት በክሊክ ነበር። መጋዘኑ ኢንተርኔት ስለሌለው ክሊክን ቤት አውርጄ በፍላሽ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ኮምፒውተሩን ስከፍተው ዊንዶውስ 7። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። የኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ግን 3.12 ስለነበር ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ ማውረጃው) ያወረደልኝ ክሊክ 8.3ን ነው። እሱ ደግሞ ከፓይተን 3.10 በታች አይጫንም። 8.1 ቢሆን ይሠራ ነበር፤ ፍላሹ ላይ ግን የለም። የስልኬ ዳታም ያን ቀን እምቢ አለ። 100 ኪሎባይት አካባቢ የሆነች ፋይል አጥቼ እዚያው አደርኩ።

ማታ አልጋ ይዤ የቱሉን ሦስት ትእዛዞች ወደ አርግፓርስ ቀየርኳቸው። ጠዋት ፋይሉን ኮፒ አደረግኩት፤ ወዲያው ሠራ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ትናንትና እንዲህ ብታደርገው ምን ነበረበት ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አልጋ፣ ምግብና ተጨማሪ ወጪው ተደምሮ 2,400 ብር ከኪሴ ወጣ። የሥራው ክፍያ 9,000 ብር ነበር።

ጥፋቱ የክሊክ አይደለም። አሮጌ ቨርዥን መደገፍ ማቆም ያለ ነገር ነው። አርግፓርስ ግን ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ከራሱ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ የሚወርድ ነገር የለውም። ዜሮ ሜጋባይት። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ ያለ ፒፕ የሚሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያየ ያውቀዋል።

አርግፓርስ ግን የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ ሦስቱም እኔን ይዘውኛል። አንደኛ፣ በአንድ ኦፕሽን (ከትእዛዙ ጋር የሚጻፍ ምርጫ) የሄልፕ ማብራሪያ ውስጥ «15% ቫት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተጠቃሚው ሄልፕ ሲል ቱሉ በኤረር ይወድቃል። የፐርሰንት ምልክቷን ሁለት ጊዜ ጻፏት። ሁለተኛ፣ የአንድ ኦፕሽን ዓይነት ቡል (እውነት ወይም ሐሰት) ካላችሁት፣ ተጠቃሚው «ፎልስ» ብሎ ቢጽፍም «ትሩ» ብሎ ያነበዋል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ ለፓይተን ትሩ ነውና። አክሽኑን «ስቶር ትሩ» አድርጉት። ሦስተኛው ያስፈራል፦ የኦፕሽን ስም ግማሹን ብቻ ቢጽፉለትም ገምቶ ይቀበላል። ዳታ የሚሰርዝ ትእዛዝ ካላችሁ ይህንን «አላው አብሬቭ» በሚለው ዝጉት።

ክሊክን የምመርጠው መቼ ነው? ትእዛዞቹ ከአስር ሲበልጡ። ያኔ አርግፓርስ ኮዱን ያንዛዛዋል፣ ክሊክ ግን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ፋንክሽን ብቻ ነው። ቴስት ለመጻፍም ይመቻል። ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ ኮሎራማ የሚባል ሌላ ላይብረሪም ይፈልጋል። ኡቡንቱ ላይ ሆናችሁ ስታወርዱ እሱ አብሮ አይመጣም፤ ስሙን ጠርታችሁ ለብቻው አውርዱት። ስሙን ስትጽፉም ተጠንቀቁ። በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ አንዲት ዩ ፊደል ጨምሮ አስመስሎ የሠራው ላይብረሪ ፓይፓይ (ፒፕ ላይብረሪዎቹን የሚያወርድበት ድረ ገጽ) ላይ ተገኝቶ ነበር። የጫነው ሰው የቢትኮይን አድራሻ ኮፒ ሲያደርግ በሌባው አድራሻ ይተካበታል። ፎርጅድ የሚሸጠው ገበያ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ፊደል በፊደል እዩት።

ታይፐር የሚባለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ የሚወዱ ልጆች አሉ፣ እውነትም ኮዱ ያምራል። ግን ሪችን፣ ፒግመንትስን፣ ሌሎች ላይብረሪዎችንም ጎትቶ ይመጣል፤ ተደምሮ ወደ 2 ሜጋባይት ይጠጋል። ሜጋባይቱስ ይሁን፤ እኔን የሚያሳስበኝ የፋይሎቹ ብዛት ነው። ከስምንት ፋይል አንዱ ቨርዥኑ ካልገጠመ ጉዞው ከንቱ ነው። ዶክኦፕት የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ቨርዥን አላወጣም፣ እለፉት።

ቱሉ ብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ከሆነና ጎ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ፣ የሱ ላይብረሪ የሆነው ኮብራ ከሁሉም ይሻላል። ኩብከትል የሚባለው ታዋቂ የሰርቨር ማስተዳደሪያ ቱል የተሠራበት ነው። የሚወጣው አንድ ፋይል ነው፤ ፓይተን እንኳ መጫን አያስፈልግም። ለዊንዶውስ 7 ግን በጎ 1.20 አዘጋጁት፤ ከ1.21 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል።

አሁን ከመሳፈሬ በፊት ለደንበኛው እደውላለሁ። «ስታርት ላይ ዊንቨር ብለው ይጻፉና የሚመጣውን ያንብቡልኝ» እላለሁ፤ የዊንዶውሱን ቨርዥን ያሳያል። ፍላሼ ላይም የፓይተን 3.8 መጫኛ፣ ክሊክ 8.1 እና ኮሎራማ ሁልጊዜ አሉ።