ዘጠኝ ወር ከማሺኮ ሸክላ ጋር፦ የሐማዳ ሾጂ መንገድ በየቀኑ ገበታ ላይ ሲፈተን

ዕቃዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጃፓኖች ዩኖሚ የሚሉት እጀታ የሌለው የሻይ መጠጫ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን እና አንድ ጠፍጣፋ ትልቅ ሳህን። ሦስቱም የመጡት ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ በቶቺጊ ግዛት ካለችው ማሺኮ ነው። የተሠሩትም ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሐማዳ ሾጂ በተከሉት ልማድ ነው። ዩኖሚው ባዶውን 290 ግራም ይመዝናል፣ እስከ አፉ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጎድጓዳው አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ክብደቱ 420 ግራም ነው። ጠፍጣፋው 24 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 910 ግራም ይመዝናል። ዩኖሚውና ጠፍጣፋው ካኪ በሚባለው ቀይ ቡናማ፣ ጎድጓዳው ኑካ በሚባለው ወተት መሳይ ነጭ ልባስ (እቶን ውስጥ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) ተሸፍነዋል። ለዘጠኝ ወር ሳያርፉ በየቀኑ ሠርተዋል።

እጅ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ክብደቱ ነው። ሳህኑን ከምግብ ጋር በአንድ እጅ ማንሳት ያደክማል። ይህ የሠሪው ስንፍና አይደለም። የማሺኮ አፈር አሸዋ የበዛበት፣ ሻካራና እንደ ልብ የማይሳብ ነው፤ ግድግዳውን አሳስተው ሊያወጡት ሲሞክሩ መዘውሩ ላይ ይቀደዳል ወይም እቶን ውስጥ ይጎብጣል። ስለዚህ ግድግዳው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተውለታል።

ሐማዳ የተሻለ አፈር አጥተው አይደለም ይህን የመረጡት። እ.ኤ.አ. በ1894 ተወልደው በቶኪዮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሸክላን በሳይንስ ተማሩ። ከዚያም በኪዮቶ የሸክላ ምርምር ተቋም ከሸክላ ሠሪው ካዋይ ካንጂሮ ጋር የልባስ ሙከራ ሲያደርጉ ቆዩ። በ1920 ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ጋር ወደ እንግሊዝ ሄደው ሴንት አይቭስ ላይ እቶን ሠሩ። በ1924 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ማረፊያ ያደረጉት ከ1853 ጀምሮ የውሃ ጋንና የማድቤት ዕቃ ስትሠራ የኖረችውን ማሺኮን ነው። ለሚፈልጉት ቅርጽ የሚመች አፈር ከሌላ ቦታ አላስመጡም፤ ቅርጹን ለአካባቢው አፈር አስገዙት። ይህን ያወቀ ተጠቃሚ ዕቃውን እንደ ስስ ፖርሴሊን አይይዘውም፣ እንደ ፖርሴሊንም አይወቅሰውም።

ሁለተኛው ጠባዩ ውሃ መጠጣቱ ነው። መቀመጫው ያልተለበሰ ባዶ ሸክላ ነው፤ ኑካው ላይ ደግሞ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ። ዩኖሚው በደረቁ 290 ግራም የነበረው ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ሲያድር 298 ግራም ሆነ፤ ከክብደቱ ወደ 3 በመቶ ጠጣ ማለት ነው። ጀበናና ድስት ለሚያሟሽ ሰው መፍትሔው እንግዳ አይሆንም። ጃፓኖችም ያሟሻሉ፤ ሜዶሜ ይሉታል፣ «ዓይን መድፈን» እንደማለት ነው። ዓይን የሚሉት በሸክላው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ድስት ታች ጨርቅ ይነጠፋል፤ አለዚያ ዕቃው ሲፈላ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ይሸረፋል። ሩዝ የታጠበበት ነጭ ውሃ ዕቃውን እስኪሸፍን ይሞላል። ሩዝ ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በደንብ ይበጠበጣል። ውሃውም ዕቃውም ቀዝቃዛ ሆነው ነው የሚጣዱት። በለስላሳ እሳት እስኪፈላ ተጠብቆ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንተከተካል፣ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። የሩዙ ወይም የዱቄቱ ስታርች ወደ ቀዳዳው የሚገባው በአብዛኛው በዚህ የመቀዝቀዣ ሰዓት ስለሆነ ቸኩሎ ማውጣት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ታጥቦ ሁለት ቀን በጎኑ ተጋድሞ ይድረቅ። አፉን ደፍቶ ማስቀመጥ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል።

የማሟሸቱ ጥቅም ዘላቂ አይደለም። በአራተኛው ወር አካባቢ የጎድጓዳው መቀመጫ ከታጠበ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የውሃ ቀለበት መተው ጀመረ፤ እንደገና ሲሟሽ ቆመ። ከዚህ የበለጠ የሚያዋጣው ቀላል ልማድ ነው፦ ወጥ ወይም ዘይት ያለው ምግብ ከመቅረቡ በፊት ዕቃውን 1 ወይም 2 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መንከር። ቀዳዳዎቹ አስቀድመው ውሃ ከያዙ ዘይቱና ቀለሙ ቶሎ አይገቡም።

ልባሶቹ በአገልግሎት እጅግ ይለያያሉ። ካኪ የሚሠራው ማሺኮ አካባቢ የሚገኝ አሺኑማ የሚባል ብረት ያለበት ድንጋይ ብቻውን ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሻይ፣ ቡና፣ ሎሚና ቲማቲም ነክቶት ቀለሙ አልተለወጠም፣ አልደበዘዘምም። ከሦስቱ አንድ ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ካኪ ዩኖሚን ያለ ማመንታት መምከር ይቻላል።

ኑካ በአንጻሩ እንክብካቤ ይፈልጋል። ነጭ ያደረገው የሩዝ ቅርፊት አመድ ነው፤ አመዱ አብዛኛው ሲሊካ በመሆኑ ልባሱን እንደ ወተት ያደፈርሰዋል። ከእንጨት አመድና ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይቀላቀላል። ያለ ቅድመ ንከራ ቀይ ወጥ የቀረበበት ዕለት የበርበሬው ዘይት በፀጉር ስንጥቆቹ ገብቶ ብርቱካናማ መረብ ሠራ። በሳሙና አልለቀቀም። ያስለቀቀው ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባል የማጽጃ ዱቄት ነው፦ 1 ሊትር 50 ዲግሪ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መዘፍዘፍ። መረቡ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ትንሽ ጥላ ቀርቷል። በረኪና መጠቀም ስሕተት ነው፤ ውሃ የሚጠጣ ሸክላ በረኪናውንም ይጠጣና ሽታው ለቀናት አይወጣም። የብረት ማንኪያ የተወው ግራጫ ጭረት ደግሞ የልባሱ መቆረጥ ሳይሆን የማንኪያው ብረት ልባሱ ላይ መቅረቱ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሶ በጣት ማሸት ያስለቅቀዋል።

በጠፍጣፋው ላይ ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው የተዘረጋ ጥቁር ግርፋት አለ። ልባሱ በጭልፋ አንድ ጊዜ ተደፍቶ የወጣ ነው፤ ይህ የሐማዳ መለያ ነበር። ልባሱ በተደረበበት ቦታ ትንሽ ጉብታ ይሰማል፣ እዚያ ላይ ቢላ ይንሸራተታል። ስጋ መቁረጫ አይደለም ለማለት ነው።

ለሙቀት ያለው ባሕርይ የተደባለቀ ነው። 90 ዲግሪ የሆነ 150 ሚሊ ሊትር ሻይ ባልሞቀ ዩኖሚ ውስጥ ሲቀዳ በጥቂት ደቂቃ ወደ 75 ይወርዳል፤ ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀቱን ይወስዳል። አረንጓዴ ሻይ ለሚጠጣ ይህ ተስማሚ ነው። ትኩስ የሚወድ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ያሙቀው። በሲኒ ቡና ለለመደ ሰው የእጀታ አለመኖር አያስቸግርም፤ አያያዙም ያው ነው፣ አፉንና መቀመጫውን በጣት፣ ወገቡን ሳይነኩ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን ሸክላው የጠጣው ውሃ ራሱ ይሞቃል፤ ምግቡ ለብ ሳይል ዕቃው ያቃጥላል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የፈላ ነገር ከተደፋበት ይሰነጠቃል። ምድጃ ላይ ፈጽሞ አይጣድም።

መቀመጫው ሻካራ በመሆኑ ጠረጴዛ ይቧጥጣል። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሶ ለ3 ደቂቃ ማሸት ይበቃል፤ በደረቁ ማሸት አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አይሁን። በእቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተትም አይገባም። ጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ ያለችው 2 ሚሊ ሜትር ሽራፊ እዚያ ውስጥ ከጎኑ ከነበረ ሳህን ጋር ተጋጭቶ የመጣች ናት። ሽራፊን ኡሩሺ በሚባል ከዛፍ በሚገኝ ሙጫና በወርቅ ዱቄት መሙላት ይቻላል፤ ሙጫው ግን የሚደርቀው በእርጥበት ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ ያሳክካል።

የሐማዳን የራሳቸውን እጅ ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ነገር። ማሺኮ ከገቡ በኋላ ዕቃዎቻቸው ላይ አልፈረሙም፤ የፈረሙት በእንጨት ሣጥኑ ላይ ነው። ማኅተም የሌለው መቀመጫ ስለዚህ የእሳቸው መሆኑንም አለመሆኑንም አያረጋግጥም፤ ሣጥኑ አብሮ ካልቀረበ የዋጋ ድርድር መጀመር አይገባም።

ለዕለት አገልግሎት የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈትሽ። ዕቃውን በመዳፉ አስቀምጦ በጥፍሩ ኳ ያድርገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠና ከታፈነ የተደበቀ ስንጥቅ ይኖራል። መቀመጫውን በጣቱ ዙሪያውን ይዳስስ። ጠፍጣፋውን ደግሞ ዝርግ ቦታ ላይ አኑሮ ጠርዙን በተራ ይጫን። በእጅ የተሠራ ትልቅ ሳህን ጥቂት ቢወዛወዝ ነውር የለበትም፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተነሳ ግን ሾርባ በቀረበበት ቀን ይታወቃልና ሌላ ይምረጥ።