በእጅ የተሰፋ ስኬችቡክ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ሰኔ ገዝቼው ይኸው የካቲት ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጠራዥ በእጁ የሰፋው ስኬችቡክ፣ ማለትም የመሳያ ደብተር ነው። ኤ5 ነው፣ ማለትም 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 160 ግራም ነው። ቡናማ የፍየል ቆዳ ለብሷል፣ በጠፍር ተጠምጥሞ ይታሰራል።

በቀጥታ ልናገር፦ የወደድኩት በቆዳው አይደለም፣ በስፌቱ ነው። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚዳብሰው ቆዳውን ነው፣ የሚያሸተውም አለ። እኔን የያዘኝ ግን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ዝርግት ብሎ መተኛቱ ነው። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። ቅጠሎቹ በትንንሽ ጥራዝ ታጥፈው፣ እያንዳንዱ ጥራዝ ከፊተኛው ጋር እንደ ሰንሰለት በተያያዘ ስፌት ታስሯል። የብራና መጻሕፍቶቻችንም የሚሰፉት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የእነሱ የሽፋን ገበታ እንጨት ነው፣ የኔው ከቆዳው ሥር ካርቶን። ስለዚህ የእንጦጦን ሸንተረር ከግራው ገጽ ጫፍ እስከ ቀኙ ጫፍ ስስል መሃል ላይ መስመሬን የሚውጥ ጉድጓድ የለም። በሙጫ ብቻ የተያያዘ ደብተር የተጠቀመ ሰው ይገባዋል፤ በክርናችሁ ካልተጫናችሁት ይዘጋባችኋል፣ ስትጫኑት ደግሞ ጀርባው ይሰነጠቅና ቅጠል ማርገፍ ይጀምራል። ይሄኛው እስካሁን አንድም ቅጠል አልጣለም።

ወረቀቱ ደህና ነው። ተራው የፎቶኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም፣ ደንበኛው የውሃ ቀለም ወረቀት ደግሞ 300 ግራም ስለሆነ ይሄ መሃል ላይ ነው። ለእርሳስ፣ ለከሰል፣ ለእስክሪብቶ ምንም አይወጣለትም። ውሃ ቀለም ሳሳ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ካለፋችሁበት ይችላል፤ ደጋግማችሁ ካረጠባችሁት ግን ይጨማደዳል፣ ላዩም እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይነሳል።

አንድ ያናደደኝ ነገር አለ። ወረቀት የቃጫ አቅጣጫ አለው፣ እርጥበት ሲያገኘው በአንድ በኩል ብቻ ነው በደንብ የሚለጠጠው። ጠራዥ ሲያጥፈው እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ጎን ለጎን መሄድ አለበት። የኔ ደብተር መሃል ላይ ያሉት ጥቂት ጥራዞች በተቃራኒው ታጥፈዋል፣ ክረምት ሲገባ ጠርዛቸው እንደ ማዕበል ተነሳ። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ቅጠል በቁመቱም በወርዱም ቀስ ብላችሁ ጎንበስ አድርጉት። ጎን ለጎን ከጀርባው ጋር ሲታጠፍ እጅ ከሰጠ ጥሩ ነው፣ ከገተረ ተዉት።

ቆዳውማ... ዝናብ ሲነካው ቀለሙን ለቀቀ፣ የሸራ ቦርሳዬ ውስጡ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው። ማዕዘኖቹ ተልጠዋል። ጠፍሩ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ታክሲ ውስጥ ግን መከራ ነው፤ ፈትቼ እስክጨርስ የምስላቸው ሴትዮ "ወራጅ አለ!" ብለው ይወርዳሉ። ለጠራዡ "ጋሼ፣ በላስቲክ ቢሆንስ?" ብላቸው "ላስቲክማ ያረክሰዋል" አሉኝ። አሁን በፀጉር ማስያዣ ነው የማስረው። ረከሰም አልረከሰም ሥራዬን አቀላጠፈልኝ።

ጓደኛዬ ደግሞ ደብተር ሰብሳቢ ነው፣ የማይጽፍባቸው። መደርደሪያው ላይ የጥንት እየመሰለ የሚሸጠው፣ ግን አንድ የሚላኖ ኩባንያ በ1997 እንደ ፈረንጆቹ ገበያ ያወጣው ሞለስኪን አለ። ገጹ ተቆጥሮ የሚመጣው የጀርመኑ ሎይችቱርም አለ። የአሜሪካኖቹ ፊልድ ኖትስ አለ፤ 48 ገጽ ብቻ ያላት የኪስ ደብተር ናት፣ በየሩብ ዓመቱ በተወሰነ ብዛት ልዩ እትም ስለሚያወጡላት ሰው እንደ ቴምብር ይሰበስባታል። የታሸጉበትን ላስቲክ እንኳ ሳይቀድ ያስቀምጣቸዋል። እውነቱን ለመናገር ደስታው ይገባኛል፣ ንጹህ ወረቀት መዳሰስ የማይወድ የለም። የኔን ግን አይቶ "አበላሸኸው" ሲለኝ ተከራከርን። ቢል ጌትስ በ1994 እንደ ፈረንጆቹ 30.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የዳ ቪንቺን ደብተር ገዛ። 72ቱ ገጾች ስለ ውሃ አፈሳሰስና ስለ ጨረቃ ብርሃን በተጻፈ ጽሑፍና በንድፍ የተጨናነቁ ናቸው። ባዶውን ቢሆን ማን ያን ያህል ይከፍል ነበር? ጓደኛዬ "አንተ ዳ ቪንቺ አይደለህም" አለ። እሱም ልክ ነው።

ለማን ይሆናል? ደጅ ወጥቶ ለሚስል፣ ሁለት ገጽ ዘርግቶ መሥራት ለሚወድ፣ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ውሃ ቀለም ዋና ሥራው ለሆነ ግን አይመጥንም። ገጾቹ እያለቁብኝ ስለሆነ ሁለተኛውን አዝዣለሁ፦ ስፌቱ ያው፣ ሽፋኑ ወፍራም ጨርቅ፣ የቃጫው አቅጣጫ የተጠበቀ፣ ላስቲክ ያለው። ጋሼ በመጨረሻው ላይ ፊታቸውን ቢያጨማድዱም እሺ ብለዋል። ቆዳ የለበሰውን ለስጦታ ካልሆነ ደግሜ አልገዛም።